ሽቦውን የቆረጠውስ?

ለንደን የምትኖር ጓደኛዬ ባለፈው እሑድ በቴሌግራም የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ላከችልኝ። ብሌችሊ ፓርክ የሚባል ሙዚየም ውስጥ ናት። መስታወት ውስጥ ክዳኑ የተከፈተ የእንጨት ሳጥን ተቀምጧል። ድሮ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ይንኳኳ የነበረውን የጽሕፈት መኪና ይመስላል። «ኢኒግማ ይሄ ነው፣ ሂትለር ምስጢሩን የሚልክበት» ትላለች በሹክሹክታ። ከስሯ የጻፈችው ግን ነካኝ፦ «እናንተ ጋ እንዲህ ዓይነት ነገር አለ?»

እኛ ጋ ማለት ጉለሌ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል እየወረድኩ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። «የለም» ብዬ ጻፍኩና ከመላኬ በፊት አጠፋሁት። ማሽኑ የለም፣ እሺ። ታሪኩስ?

መጀመሪያ ስለ ሳጥኑ። ኢኒግማ ላይ «ሀ» ብላችሁ ስትጫኑ ሌላ ፊደል ላይ መብራት ይበራል። ያንኑ ፊደል ደግማችሁ ብትጫኑ ደግሞ ሌላ ይበራል፣ ምክንያቱም ውስጡ ያሉት ጎማዎች በየጭነቱ ይዞራሉ። የጀርመን ጦር የሚጠቀምበት ዓይነት ወደ 159 ኩዊንቲሊየን የሚደርስ አቀማመጥ ነበረው፤ 159 ጽፋችሁ አሥራ ስምንት ዜሮ ቀጥሉበት። ጀርመኖች በዚህ ቁጥር ተማምነው ተኙ። ፖላንዳዊው የሒሳብ ሰው ማሪያን ሬየቭስኪ ግን እ.ኤ.አ. በ1932 የማሽኑን የውስጥ አሠራር በሒሳብ ደርሶበት ነበር። እንግሊዞች ከዚያ ቀጠሉ። ሥራው እስከ 1970ዎቹ ድረስ ለሕዝብ አልተነገረም። ዛሬ ቲኬት ተቆርጦ ይታያል።

አሁን ወደ እኛ። ንፋስ ስልክ የሚለው የሰፈር ስም ከየት እንደመጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ያለ ሽቦ በአየር የሚሄድ ስልክ ማለት ነው፣ ሬዲዮ። ቆይቶ አቃቂ ላይ ትልቁ ጣቢያ ቆመ። የሠራው የጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ ነው! ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጣሊያን በወረረችን ዓመት ነው። ጃንሆይም ከወረራው በፊት ለዓለም ንግግር ያሰሙት በዚሁ ጣቢያ ነበር።

የሬዲዮ ችግሩ ጆሮ አለመምረጡ ነው። መልእክተኛ ፈረሰኛ ቢያዝ ትሰማላችሁ፤ ሬዲዮ ሲጠለፍ ግን ላኪው ምንም አያውቅም። በ1928 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከማይጨው በስተደቡብ ኮረም አካባቢ ሆነው ለመጨረሻው ትልቅ ጥቃት ሲዘጋጁ ለእቴጌ መነን በሬዲዮ መልእክት ላኩ፤ ልንገጥማቸው ወስነናል የሚል። ጣሊያኖች ሰሙት። ጥቃቱ ደግሞ በተደጋጋሚ ተራዘመ። መጋቢት 22 ቀን ማለዳ የኛ ሰዎች ሲነሡ ጠላት ምሽጉን ሠርቶ ጨርሶ ይጠብቃቸው ነበር። ማርሻል ባዶሊዮ በኋላ የጦርነቱን ታሪክ ሲጽፍ የተጠለፉ የጃንሆይን መልእክቶች መጽሐፉ ውስጥ አስገብቷቸዋል። በጣም ያናድዳል። በርግጥ ማይጨው ላይ የተሸነፍነው በሬዲዮ ብቻ አይደለም፤ አውሮፕላኑ፣ መርዝ ጋዙ፣ መድፉ አለ። ግን ለባለቤት የተላከን መልእክት ጠላት ሲያነበው የሆነ ሌላ ዓይነት ሽንፈት አለው።

ስድስት ኪሎ ወረድኩና ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገባሁ። የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ሙዚየም ነው። ፊት ለፊቱ ፋሽስቶች ያቆሙት ወደ ላይ የሚጠማዘዝ ደረጃ አለ። ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘ አንድ ዓመት አንድ ደረጃ እየተባለ የተሠራ ነው። ጫፉ ላይ ከነፃነት በኋላ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። (ቀልደኛ ነበሩ አባቶቻችን።) ይህ ግቢ በወረራው ጊዜ የጣሊያን እንደራሴዎች መቀመጫ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው እዚሁ ነው። ከግራዚያኒ በኋላ የአኦስታው መስፍን መጣ።

እዚህ ጋ ነው ታሪኩ የሚገለበጠው። ሰኔ 1932 ዓ.ም. ጣሊያን እንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀች። ስዊዝ ተዘጋባት። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ስለነበርኩ ይሄን የማየው እንደ አቅርቦት ችግር ነው፦ ነዳጅ በመርከብ አይገባም፣ ጎማ አይገባም፣ አዲስ የኮድ መጽሐፍም በመርከብ አይገባም። ምሥራቅ አፍሪካ የነበረው የጣሊያን ጦር ምስጢሩን የሚጽፈው በአብዛኛው በኢኒግማ ሳይሆን በኮድ መጽሐፍ ነበር። ከሮም ጋር የሚያገናኘው ደግሞ ሬዲዮ ነው። እንግሊዞች ካይሮ አጠገብ ሄሊዮፖሊስ ላይና ብሌችሊ ላይ ተቀምጠው ያንን ሁሉ ያነቡት ጀመር። በ1933ቱ ዘመቻ ጄኔራል ዌቭል የጣሊያን ጦር የት እንዳለ፣ ስንት ነዳጅ እንደቀረው፣ ወዴት ሊያፈገፍግ እንዳሰበ ከራሱ ከጣሊያን አፍ ይሰማ ነበር። ማይጨው ላይ የተደረገብን በአምስት ዓመቱ ዞሮ እነሱ ላይ ደረሰ።

ግን ለምን ሁሉን በሬዲዮ ይላሉ? አገር ውስጥ ስልክ ነበራቸው፣ ሽቦውን ራሳቸው ዘርግተዋል። መልሱ ጎጃም ውስጥ ነው፣ ሸዋ ውስጥ ነው። አርበኛው ሌሊት ይመጣና ሽቦውን ይቆርጠዋል። ይጠግኑታል፣ እንደገና ይቆርጠዋል። ይሄ የኔ ግምት ነው፣ ግን ሒሳቡ ልክ ይመስለኛል፦ ሽቦ በተቆረጠ ቁጥር ወሬው ወደ አየር ይወጣል፤ አየር ላይ የወጣ ወሬ ደግሞ ሄሊዮፖሊስ ይደርሳል። ካይሮ የተቀመጠው ኮድ ፈቺ ሥራ ያገኘው በከፊልም ቢሆን ማንበብ ይቻል አይቻል በማናውቀው ባለ ጎራዴ ሰው ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም። አንደኛው ማሽኑ መስታወት ውስጥ ገብቶለታል። የሌላኛው ጎራዴ የት እንዳለ እንጃ።

ታሪኩ እዚህ ብቻ አላበቃም። ጣሊያን ስትወጣ አስመራ የነበረው የባሕር ኃይሏ የሬዲዮ ጣቢያ በ1943 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች እጅ ገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በርሊን የነበረው የጃፓን አምባሳደር ኦሺማ ጀርመኖች በፈረንሳይ ዳርቻ የሠሩትን ምሽግ ጎብኝቶ ዝርዝሩን ለቶኪዮ ላከ። አስመራ ላይ ተጠለፈ። በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካና እንግሊዝ ኖርማንዲ ሲወርዱ ያ ዝርዝር እጃቸው ላይ ነበር። ጣቢያው በኋላ ታላላቆቻችን የሚያውቁት ቃኘው ሆነ፣ በራስ መኮንን ፈረስ ስም።

ደረጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ሳነብ አንድ ታሪክ ላይ ቆምኩ። የጣሊያን ባሕር ኃይል ቀለል ያለ ኢኒግማ ነበረው። ኢኒግማ አንድ ድክመት አለበት፦ አንድን ፊደል መልሶ በራሱ አይጽፍም። አንድ ቀን ብሌችሊ የምትሠራ ማቪስ ሌቨር የምትባል ወጣት፣ 19 ዓመቷ ነው፣ የተጠለፈ መልእክት ስታይ «ኤል» የሚባለው ፊደል አንድም ጊዜ የለበትም። ገባት። ላኪው ወታደር ለማደናገሪያ ብቻ የሚላክ መልእክት ጻፍ ተብሎ ሰንፎ «ኤል»ን ብቻ ደጋግሞ ተጭኖ ነው። በዚያ አንድ ስንፍና ቀዳዳ አገኙ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1941 ማታፓን ላይ የጣሊያን አምስት መርከቦች ሲሰምጡ እንግሊዞች እንደሚመጡ ቀድመው ያወቁት እነማቪስ በፈቱት መልእክት ነው።

አክስቴ ትዝ አለችኝ። አዲሱ ገበያ ነው የምትኖረው። ባለፈው ዓመት አንድ ትሁት ድምፅ ደወለላት፦ «እማማ፣ ከባንክ ነው፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው፤ አሁን ስልክዎ ላይ የገባውን ስድስት ቁጥር ያንብቡልኝ።» አነበበችለት። 11,000 ብር ሄደ፣ የልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ። ያ ስድስት ቁጥር የሒሳቧ ቁልፍ ነበር። ቁልፉን የሰበረው የለም፤ በሩን ከውስጥ አስከፍተውት ነው የገቡት። ሌባው ሒሳብ አላወቀም፣ አክስቴን ነው ያወቀው፤ «እማማ» ሲሏት እምቢ እንደማትል። እስከ ዛሬ ማታ ማታ «ምን ነካኝ?» ትላለች። የጣሊያኑ ወታደርም ብሎ ይሆናል፣ ካወቀ።

ለዚህ ነው ይሄ ኤግዚቢሽን እዚህ ቢኖር የምመኘው፣ ጉለሌ፣ የእንደራሴው ትዕዛዝ ይወጣበት ከነበረው ግቢ አጠገብ። ኢኒግማ ባይገኝም ግድ የለኝም። የተቆረጠ የስልክ ሽቦ፣ ከጎኑ ጎራዴ። የማይጨው መልእክት። የአቃቂው ጣቢያ ፎቶ። እዚያው ግድግዳ ላይ ደግሞ የአክስቴ ቁጥር፣ ስሟ ሳይጻፍ። ቡና ይዤ አስጎበኛችሁ ነበር።

ለጓደኛዬ የአንበሳውንና የደረጃውን ፎቶ ላኩላት። ወዲያው መለሰች፦ «የቱ ጋ ነው ማሽኑ? ደረጃ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

የሰባት ደቂቃ ቮይስ ላኩላት። እስካሁን አልሰማችውም።