ከማቃጠል በፊት ማሞቅ፦ የቀጨኔ ሸክላ ለሳይንስ ትምህርት

በጉለሌ የሚገኘው ቀጨኔ በሸክላ ሥራና በሽመና የታወቀ ሰፈር ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ሲሆኑ፣ የደረቀውን ጀበና ወይም ምጣድ ከማቃጠላቸው በፊት ቀስ በቀስ ያሞቁታል። ይህ ጥቂት ተጨማሪ ድካም የቀናት ልፋትን፣ ማገዶንና የቤተሰብን ገቢ ያድናል። በአካባቢው ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ እንፋሎት ሲሆንም ይዘቱ ከ1,000 እጥፍ በላይ ስለሚሰፋ፣ መውጫ ካጣ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁ ባለሙያዎች ለዘመናት በንቀት ስም መጠራታቸው የሚያስቆጭ ነው።

ስለ ትነት የሚያስተምር መምህር እርጥብ የሸክላ ጭቃ ወደ ክፍል አምጥቶ ተማሪዎቹ በየቀኑ እየመዘኑ እንዲመዘግቡ ቢያደርግ፣ ክብደቱ መቀነሱን የሚያቆምበት ቀን ይደርሳል። ጭቃው የደረቀ ይመስላል፤ ሆኖም አየሩ ራሱ እርጥበት ስላለው ጥቂት ውሃ በውስጡ ይቀራል። ሸክላ ሠሪዋ በማሞቅ የምታስወጣው ይህንኑ ነው።