ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዳለስ ኤርፖርት በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲመለሱም ያው ነው። ሆኖም ከዋሽንግተን የሚነሣው አውሮፕላን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከቦሌ የሚነሣው ለዓመታት እንደ ደብሊን ባለ ከተማ አርፎ ነዳጅ እየሞላ ሲጓዝ ኖሯል፤ ጉዞውም 16 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ከአዲስ አበባው ኢምፔሪያል ሰፈር ተነሥቶ ዘመዱን የሸኘ ሰው «ገና አልደረሱም?» እያለ የሚጨነቀው የበረራ ሰዓት ከርቀት ብቻ የሚሰላ ስለሚመስለው ነው። ሰዓቱን ግን የመነሻው ከፍታና ነፋሱም ይወስኑታል።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ለሩቅ ጉዞ የሚበቃ ነዳጅ ከሙሉ መንገደኛና ጭነት ጋር ይዞ መነሣት ይከብዳል። በዚያ ላይ ሰሜን አትላንቲክን ሲሻገር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ሲሄድ ከፊት እየተጋፋ ያዘገየዋል፣ ሲመለስ ከኋላ ያግዘዋል። «ታዲያ ማኮብኮቢያውን ማስረዘም ነው» የሚል ይኖራል። የቦሌ ረጅሙ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው፤ ቢረዝም በመጠኑ ይረዳል። ነገር ግን የጎማው የፍጥነት ወሰን አለ፤ አንዱ ሞተር ቢጠፋም አውሮፕላኑ በቀረው ብቻ ከፍታ መያዝ መቻል አለበት። አስፋልት የሳሳውን አየር አያወፍረውም።

በአጭር በረራም ርቀትን ለፍጥነት ማካፈል ያሳስታል። ባሕር ዳር በመኪና 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሆን በአየር 330 ያህል ናት። በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ለሚበር የአገር ውስጥ አውሮፕላን ይህ የግማሽ ሰዓት መንገድ ይመስላል፤ ትኬቱ ላይ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይያዝለታል። በመሬት ላይ መንደርደሩ፣ ከፍታ መያዙና ለማረፍ ዝቅ ማለቱ በረራው ቢያጥርም አይቀሩም።

ቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ አቡሴራ የሚሠራው አዲስ ኤርፖርት መመዘን ያለበትም በርቀት ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው የጉዞ ሰዓት ነው። ቦታው ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል አየሩ ይወፍራል፤ ብዙ ነዳጅ ይዞ መነሣትም ይቀላል። በአንጻሩ ለኢምፔሪያል፣ ለገርጂና ለመገናኛ ነዋሪ አሁን በደቂቃዎች የሚደርስበት ኤርፖርት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሊርቅበት ነው፤ ቅሬታው ተገቢ ነው፤ መልሱም ፈጣን መንገድና ባቡር መሆን አለበት። ሆኖም በየብስ የሚጨመረው አንድ ሰዓት፣ በነዳጅ ማረፊያ የሚባክኑትን ሰዓታት የሚያስቀር ከሆነ ለሩቅ መንገደኛ ትርፍ ነው። ጉዞ የሚለካው ከቤት እስከ ቤት ነውና።