የአይኖድ መርማሪ

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በተበላ ከተማ አንድ ነጋዴ የደረሰኙን ፎቶግራፍ በአንድሮይድ ስልኩ አንሥቶ ሲያስቀምጥ፣ ስልኩን የሚያስተዳድረው ሊኑክስ የተባለው ከርነል ለፎቶግራፉ አይኖድ የሚባል መዝገብ ይከፍትለታል። ይህ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብራቶሪ ከተጀመረው ከዩኒክስ የተወረሰ ሥርዐት ሲሆን፣ የፋይሉን ባለቤት፣ ፈቃዱን፣ መጠኑንና በዲስኩ ላይ ያረፈበትን ስፍራ ይይዛል እንጂ ስሙን አይይዝም፤ ባላገር ማሳውን በወደደው ስም ቢጠራውም በባሕረ መዝገብ የሚታወቀው በቍጥሩ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የፋይሉም ስም በማውጫ ውስጥ ተጽፎ ወደ አይኖዱ ቍጥር ይመራል። ኤክስት4 በተባለው የፋይል ሥርዐት የአንዱ አይኖድ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 256 ባይት ብቻ ቢሆንም፣ በዚህች ጠባብ ስፍራ የሚፈጸም ስሕተት የሰውን የዘመናት ሰነድ ሊያጠፋ ይችላል።

ስለዚህ አይኖድን የሚያስተዳድረውን የከርነሉን ኮድ በጽሞና የሚመረምር ባለሙያ አስቀድሞ የሚያየው ሁለት ቍጥሮችን ነው፤ አንደኛው የፋይሉ ስሞች ብዛት፣ ሁለተኛው አይኖዱን በሜሞሪ ውስጥ ይዘው የሚገለገሉበት ያዦች ብዛት። ስሙ የተሰረዘ ፋይል እንኳ የከፈተው ፕሮግራም እስኪለቀው ድረስ ሕልውናው አይቋረጥም፤ ስፍራው ለሌላ የሚሰጠው ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ነው። የያዦቹ ቍጥር አንድ ጊዜ በትርፍ ቢቀነስ፣ ሌላው ገና የሚሠራበት መዝገብ ይፈርሳል፤ ሳይቀነስ ቢቀር ደግሞ ስፍራው ያለ ጥቅም ታስሮ ይኖራል።

ከሁሉ ይልቅ ትጋት የሚሻው ግን ሥራው የሚከሽፍበት መንገድ ነው። ከርነሉ አይኖድን ከዲስክ ሲያመጣ በመጀመሪያ በሜሞሪ ውስጥ ባዶ መዝገብ አዘጋጅቶ አዲስ መሆኑን የሚያስረዳ ምልክት ያደርግበታል፤ ያንኑ አይኖድ የሚፈልጉ ሌሎች ሥራዎችም ምልክቱ እስኪነሣ ይጠብቃሉ። ንባቡ ከሽፎ ኮዱ ምልክቱን ሳያነሣ ቢመለስ፣ ጠባቂዎቹ እንደ ቆሙ ይቀራሉ። መርማሪው ስለዚህ «ባይሳካስ?» እያለ እያንዳንዱን መመለሻ ይከተላል፤ ዲስክ ሊበላሽ፣ ተንኰለኛም ሆነ ብሎ ሊያዛባው ስለሚችል፣ ከዲስክ የተነበበውን ቍጥር ሁሉ ሳይፈትን አያምንም።

በሊኑክስ ልማድ መርማሪው «ሪቪውድ ባይ» (የመረመረው) ከሚል ቃል ጋር ስሙን በመረመረው የኮድ ለውጥ ላይ ያኖራል፤ ይህም በኃላፊነት የሚሰጥ ምስክርነት ነው። ኮዱ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር የሚማር ወጣት ማንንም ሳያስፈቅድ ሊያነበው ይችላል። እንግዲህ መምህራን ኮድ መጻፍን ብቻ ሳይሆን መመርመርንም ያስተምሩ፤ ተማሪዎችም ይህን ሙያ ከመጻፍ አሳንሰው አይዩት።