“ክሌም”፦ ጥርጣሬ ነው ወይስ መብት?

በፒርሰን አየር ማረፊያ በኩል ቶሮንቶ ለገባ ስደተኛ ቶሎ ከሚገጥሙት የእንግሊዝኛ ግሶች አንዱ “ክሌም” ነው። ከኢሚግሬሽን ሹም ፊት ቆሞ ጥገኝነት ሲጠይቅ “ክሌማንት” የሚል ስም ይወጣለታል። ከዚያ አልፎ ሻንጣውን ሊያነሣ ሲሄድ ደግሞ “ባጌጅ ክሌም” የሚል ጽሑፍ ከራሱ በላይ ተሰቅሎ ያያል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ቡና ስንጠጣ የሰማሁት የአንድ አዛውንት ቅሬታ ነው። “ሁለት ጊዜ ታስሬአለሁ” ብለው የሰጡት ቃል በጠበቃቸው ደብዳቤ ላይ “ታስሬአለሁ ብለው ክሌም ያደርጋሉ” ተብሎ ሰፍሯል። አጠገባችን የነበረ ወጣት “ያለ ማስረጃ ይናገራሉ ማለት ነው” ብሎ ተረጎመላቸው። “ታዲያ የገዛ ጠበቃዬ ዋሾ አለኝ ማለት ነዋ!” አሉ ጋሼ፣ ሲኒያቸውን አስቀምጠው።

ወጣቱ አልተሳሳተም፤ የነገራቸው ግን ግማሹን ነው። የእንግሊዝኛ ጋዜጦች “ሚኒስትሩ እንዲህ ክሌም አደረጉ” ሲሉ “ኃላፊነቱ የተናጋሪው ነው፣ እኛ የለንበትም” ማለታቸው ነው። ይህ ግን ቃሉ ዘግይቶ ያመጣው ጠባይ ነው። ሥሩ የላቲኑ “ክላማሬ” ሲሆን ጮኸ፣ ተጣራ ማለት ነው። በጥንቱ ፈረንሳይኛ በኩል በመካከለኛው ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ገባ። አዋጅ ማስነገርን “ፕሮክሌም”፣ ሁካታን “ክላመር” የሚሉትም ከዚሁ ሥር ነው።

የእኛስ “አቤቱታ” “አቤት” ብሎ ከመጮኽ የመጣ አይደለምን? የተበደለ ሰው ንጉሠ ነገሥቱ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ቆሞ “ጃንሆይ! አቤት!” ይል እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ።

ሻንጣውን “ክሌም” የሚያደርግ ሰው ማንንም አይለምንም፤ የራሱን ነው የሚያነሣው። መኪናው ተጋጭቶ ኢንሹራንሱን “ክሌም” የሚያደርገውም እንዲሁ። በጎረቤታችን በአሜሪካ ጥገኝነት ፈላጊ “አፕላይ” ያደርጋል፣ ማለትም ያመለክታል። በካናዳ ግን የተለመደው አነጋገር “ክሌም” ነው፤ ከዲሴምበር 2012 ወዲህ ስደተኛው የሚሞላው ፎርም እንኳ “ቤዚስ ኦፍ ክሌም” ይባላል። እኛ በአማርኛ “ጥገኝነት ጠየቀ” እንላለን። ለእኔ “ጥበቃ ይገባኛል አለ” ቢባል ይበልጥ ይቀርባል። ይገባኛል ማለትና ማግኘት ለየቅል መሆናቸውን መቼም ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያሻም።

ጩኸቱ በጆሮ እንዲሰማ የተፈረደው ቆይቶ ነው። ቀድሞ ስደተኛው ቃሉን ለኢሚግሬሽን ሹም ይሰጥና፣ ቃሉ ተገልብጦ፣ ፊቱን አይተው የማያውቁ ሰዎች ወረቀቱን አንብበው ይወስኑበት ነበር። ኤፕሪል 4 ቀን 1985 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የሲንግ ጉዳይ በሚባለው ውሳኔ፣ የሰውየው ታማኝነት በሚመዘንበት ጊዜ እርሱ ራሱ ቀርቦ በቃል መደመጥ አለበት ሲል ፈረደ። የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ቦርድ በ1989 ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ለጋሼ የነገርኳቸው ሌላም አለ። በ1979 የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት ማልዶናዶ በተባለው ጉዳይ፣ ስደተኛ በመሐላ የሰጠው ቃል የሚያጠራጥር ምክንያት እስካልተገኘበት ድረስ እውነት ተብሎ እንደሚገመት ወስኗል። ስለዚህ በሕጉ ዓይን “ክሌም” ያደረገ ሰው ዋሾ አልተባለም።

ጋሼ ግን እንደዋዛ የሚታለፉ ሰው አይደሉም። “እሺ፣ አስተርጓሚውም ‘ክሌም’ ቢልብኝስ?” አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። “ታሰርኩ” ያለ ሰው ቃሉ “ታሰርኩ” ተብሎ ነው መተርጎም ያለበት፤ “ታሰርኩ ይላል” ሌላ ነገር ነው። ትርጉሙ እንደተዛባ የገባው ሰው እዚያው ችሎቱ ላይ፣ ወዲያውኑ፣ ለጠበቃውና ለቦርዱ አባል ያሳውቅ። ከውሳኔ በኋላ ቢያነሣው “ያን ጊዜ ለምን ዝም አልክ?” ይባላል።