የሰውን ታሪክ እስከ ፍጻሜው ስለ መስማት

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ብለው የተናገሩት ምሳሌ ለዳኛ ብቻ የተነገረ አይደለም። ሐኪም ከበሽተኛው፥ ሊቅ ከሚመረምረው ሕዝብ፥ ወላጅ ከልጁ ጋራ በተገናኘ ጊዜ ሁሉ ሥራው የሚጀመረው የሌላውን ሰው ታሪክ ከሥሩ በመስማት ነው። ካለፈው መቶ ዓመት ወዲህ በውጭ አገር ያሉ ሊቃውንት የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ እንደ ተራ ወሬ ሳይሆን እንደ ዕውቀት ምንጭና እንደ ሥራ መሣሪያ አድርገው ሲመረምሩት ቈይተዋል። ከዚህ ምርመራ የተገኘው ትምህርት ለሐኪም ቤትና ለዩኒቨርሲቲ ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ የሚጠቅም ስለ ሆነ፥ ዋና ዋናውን ከዚህ ቀጥለን እንገልጣለን። ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ነገር ግን በሽተኛው ሳይሸሽግ ሊናገር ወድዶ ሳለ የሚሰማው ሰው ያጣ እንደ ሆነ፥ ፍጻሜው ከሸሸገው ሰው አይለይም። በ1984 ዓ.ም. ሐዋርድ ቤክማንና ሪቻርድ ፍራንክል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፥ ሐኪሞች ከበሽተኞቻቸው ጋራ ያደረጉትን ንግግር በድምፅ መቅረጫ አስቀርተው የመረመሩበትን ሥራ አሳተሙ። ከ74 ግንኙነቶች መካከል፥ የመጣበትን ጕዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለመናገር የቻለ በሽተኛ የተገኘው በ17ቱ ብቻ ነበረ። ሐኪሙ ንግግሩን ያቋረጠበት ጊዜ ሲታሰብ በአማካይ 18 ሰከንድ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ሰው አስቀድሞ የሚናገረው ነገር ሁል ጊዜ ዋናው ነገር አይደለም፤ ቀላሉን ያስቀድምና የሚያሳፍረውን ወይም የሚያስፈራውን ወደ ኋላ ያቈየዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቃል ላይ ያቋረጠው ሐኪም የራስ ምታቱን መድኃኒት ሰጥቶ፥ እንቅልፍ የነሣውን ዋናውን ሕመም ሳያውቀው ሊያሰናብተው ይችላል።

በዚህ ላይ የሚቀርበው ምክንያት የጊዜ ማነስ ነው፤ «በሽተኛው ሁሉ እንደ ልቡ ይናገር ቢባል ቀኑ ይመሻል» የሚሉ አሉ። ይህንም ነገር በስዊስ አገር በባዝል ከተማ የሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ሐኪም ቤት መረመረው፤ ምርመራውም በ2002 ዓ.ም. ታተመ። ሐኪሞቹ 335 በሽተኞችን ንግግራቸውን ሳያቋርጡ እንዲሰሙ ተደረገ። በሽተኞቹ በራሳቸው ፈቃድ ተናግረው የጨረሱበት ጊዜ በአማካይ 92 ሰከንድ ነበረ፤ ከመቶው 78ቱ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጨረሱ። ከአምስት ደቂቃ በላይ የተናገሩት ሰባት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፥ ሐኪሞቻቸው የነገሩን አስፈላጊነት መስክረውላቸዋል። እንግዲህ ብዙ ጊዜ ይወስዳል ተብሎ የተፈራው ነገር አንድ ስኒ ቡና ከሚጠጣበት ጊዜ ያነሰ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በኒው ዮርክ ከተማ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ሐኪም ሪታ ሻሮን፥ ከሕክምና ትምህርታቸው በላይ በሥነ ጽሑፍ የዶክተርነት ማዕርግ የተቀበሉ ናቸው። እርሳቸውም በ2001 ዓ.ም. በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፥ ሐኪም የበሽተኛውን ታሪክ መቀበልን፥ ትርጓሜውን ማስተዋልንና በታሪኩ ልቡ መነካትን እንደ ማናቸውም የሕክምና ጥበብ ሊማረው እንደሚገባ አስረዱ። ተማሪዎቻቸው በደም ምርመራና በመድኃኒት መጠን ብቻ ሳይወሰኑ፥ በሽተኛው በሕመሙ ምክንያት የደረሰበትን ነገር በተለመደ ቋንቋ እንዲጽፉ ያደርጉ ነበረ። ይህም ጥበብ ለሐኪም ብቻ የተወሰነ አይደለም። በመሥሪያ ቤቱ ባለ ጕዳይ የሚቀበል ሹም፥ የጠብ ነገር የሚሰማ ሽማግሌ፥ ልጇ ከትምህርት ቤት አኩርፎ የመጣባት እናት፥ ሁሉም በአንድ ፈተና ላይ ናቸው፤ ይኸውም ነገሩ ሳያልቅ መልሱን ለመስጠት መቸኰል ነው።

ከሕክምና ወደ ምርመራ ትምህርት የተሻገርን እንደ ሆነ፥ በዚህ መንገድ ቀድመው ከሄዱት መካከል ዊልያም ቶማስና ፍሎርያን ዝናንዬትስኪ የሚባሉት ሁለት ሊቃውንት ይገኛሉ። ከ1918 እስከ 1920 ዓ.ም. ድረስ ባሳተሙት ባለ አምስት ክፍል መጽሐፍ፥ ከፖላንድ ገጠር ወደ አሜሪካ ስለ ፈለሱት ገበሬዎች ጻፉ። ይህንም ያደረጉት የሰውን ቍጥር በመደርደር ብቻ አይደለም፤ ባሕር የለያቸው ዘመዶች የተጻጻፉትን ደብዳቤ ሰብስበው አተሙት፥ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ስደተኛም የገዛ ሕይወቱን ታሪክ እንዲጽፍ አድርገው በመጽሐፋቸው አገቡት። ከደብዳቤዎቹ ብዙዎቹ በሰላምታና ዘመድን ሁሉ በየስሙ በመጠየቅ የሚጀምሩ ነበሩ። ችኵል አንባቢ ይህን የሰላምታ ብዛት ትርፍ ነገር ነው ብሎ ያልፈው ነበረ፤ ሊቃውንቱ ግን የደብዳቤው ዋና ሥራ ይኸው ሰላምታ መሆኑን፥ የተለያየው ቤተ ሰብ ዛሬም አንድ መሆኑን የሚያጸናው እርሱ መሆኑን አስተዋሉ። «እንደ ምን ሰንብታችኋል» እያለ ገጹን የሚሞላ የአገራችንን ደብዳቤ የሚያውቅ ሰው ይህን ማስተዋል ቶሎ ይረዳዋል።

ሆኖም የሰው ታሪክ ሁሉ ያለ ሚዛን ይታመን ማለት አይደለም። በ1939 ዓ.ም. ኸርበርት ብሉመር የተባለው ሊቅ ይህንኑ መጽሐፍ መርምሮ፥ ደብዳቤዎቹና የሕይወቱ ታሪክ የሊቃውንቱን አሳብ የሚያብራሩ ቢሆኑም አሳቡ እውነት መሆኑን ለብቻቸው ሊያረጋግጡ እንደማይችሉ አሳየ። የአንድ ሰው ታሪክ ነገሩ ለዚያ ሰው እንደ ምን እንደ ታየው ይነግረናል፤ ለብዙዎች እንዲሁ መሆኑን ለማወቅ ግን ሌላ ምስክርና ቍጥር ያስፈልጋል። አንዱ ያለ ሁለተኛው ጐደሎ ነው።

ከዚህም ሌላ የሚነገረው ታሪክ በሚሰማው ሰው ዐይነት ይለወጣል። ከ1936 እስከ 1938 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ባቋቋመው የጸሐፊዎች ድርጅት አማካይነት፥ በባርነት ዘመን የተወለዱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሕይወታቸውን ታሪክ እንዲናገሩ ተጠይቀው፥ ከ2,300 በላይ ቃል ተጻፈ። ዕድሜያቸው የገፋ ስለ ነበረ ሥራው ጥቂት ዓመት ቢዘገይ ኖሮ አብዛኛው ቃል ከባለቤቶቹ ጋራ በተቀበረ ነበር። ነገር ግን ከጠያቂዎቹ የሚበዙት ነጮች ነበሩ። በደቡብ ካሮላይና በቻርልስተን ከተማ ይኖሩ የነበሩ መቶ ዓመት ገደማ የሆናቸው አንዲት አሮጊት፥ ነጭ ሴት በጠየቀቻቸው ጊዜ ስለ ጌታቸው ደግነት ተናገሩ፤ ጠያቂዪቱ የድኻ ርዳታ ከሚሰጥበት መሥሪያ ቤት የመጣች መስሏቸው ነበረ። ጥቍር ሰው በጠየቃቸው ጊዜ ግን ስለ ግርፋትና ከእናቶቻቸው ተለይተው ስለ ተሸጡ ልጆች ተናገሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች ሁለቱን ቃሎች የአንዲት ሴት ቃል አድርገው ጐን ለጐን ያነቧቸዋል። አሮጊቲቱ ሐሰተኛ ናቸው ብሎ ከመፍረድ በፊት፥ በጠያቂው ፊት እውነቱን ለመናገር ምን ያህል ደኅንነት እንደ ተሰማቸው መጠየቅ ይገባል። በቤትም ቢሆን የሚፈራ አባት ከልጆቹ የሚሰማው ታሪክ የሚወደውን ብቻ ነው።

ወደ ቤተ ሰብ በተለየ የሚመለከተው ምርመራ የተደረገው በአሜሪካ፥ በአትላንታ ከተማ በሚገኘው በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ነው። ማርሻል ዱክ የሚባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ ባለቤታቸው የመማር ችግር ያለባቸውን ሕፃናት ይረዱ ነበረ። እኒህም እመቤት ስለ ቤተ ሰባቸው ብዙ የሚያውቁ ሕፃናት መከራ በደረሰ ጊዜ ከሌሎቹ ይልቅ ጸንተው እንደሚቆሙ አስተውለው ለባለቤታቸው ነገሩ። ሊቁም ከሮቢን ፊቩሽ ጋራ ሆነው 20 ጥያቄዎች አዘጋጁ። አያቶችህ ያደጉት የት ነው? አባትና እናትህ የተገናኙት እንደ ምን ነው? አንተ የተወለድህበትን ቀን ታሪክ ታውቃለህን? በቤተ ሰባችሁ ላይ የደረሰ ሕመም ወይም ብርቱ መከራ ታውቃለህን? የሚሉና ይህን የመሳሰሉ ናቸው። የብዙውን መልስ የሚያውቁት ልጆች በራሳቸው የሚተማመኑ፥ ጭንቀታቸውም ያነሰ ሆነው ተገኙ። ነገር ግን ሊቁ ራሳቸው እንዳስጠነቀቁት፥ መልሱን እንደ ቃል ጥናት ማስሸምደድ አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው በገበታ ዙሪያ፥ በመንገድ ላይ፥ በበዓል ቀን፥ ይልቁንም ከእናቶችና ከሴት አያቶች አፍ፥ ታሪኩ ተደጋግሞ የሚነገርበት ኑሮ ነው።

እነዚሁ ሊቃውንት የቤተ ሰብ ታሪክ በሦስት ዐይነት እንደሚነገር ይገልጣሉ። አንደኛው፥ «ከምንም ተነሥተን ለዚህ በቃን» የሚለው ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ ታሪክ ነው። ሁለተኛው፥ «ድሮ ሁሉ ነበረን፥ ዛሬ ሁሉን አጣን» የሚለው ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ነው። ሦስተኛው፥ «አያትህ ሠርቶ አገኘ፥ ቤቱም ተቃጠለበት፤ እኅቱ ተማረች፥ ወንድሙ ታሰረ፤ በዚህ ሁሉ ግን አልተለያየንም» የሚለው መውጣትንና መውረድን አንድ ላይ የያዘ ነው። ለልጅ ብርታት የሚሰጠው ይህ ሦስተኛው ነው። የወላጆቹን ድል ብቻ የሰማ ልጅ መጀመሪያ በወደቀ ቀን የዘሩ ጐደሎ እርሱ ብቻ ይመስለዋል፤ ውድቀቱን ብቻ የሰማውም ልጅ የሚነሣበት ምክንያት ያጣል።

በአገራችን የትውልድን ሐረግ መቍጠር የቈየ ልማድ ነው። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቈጠር ነበረ፤ በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ የቀድሞው የርስት ሥሪት እስከ ቀረ ድረስም፥ ባለ ርስት ነኝ የሚል ሰው ከዋናው አባት ጀምሮ መወለዱን በቃሉ ያስረዳ ነበረ። ነገር ግን ስም መቍጠርና ታሪክ ማወቅ ልዩ ልዩ ናቸው። ሰባት አያቶቹን በስም የሚጠራ ሰው፥ ከሰባቱ አንዲቱ በክፉ ቀን ልጆቿን በምን እንዳበላች ላያውቅ ይችላል። ይልቁንም በ1966 ዓ.ም. ከተነሣው አብዮት ወዲህ ብዙ ቤተ ሰብ ቤትና ንብረት አጥቷል፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር፥ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በረኀብ ብዙ ሰው አልቋል። ከዚህ የተረፉት ሰዎች ልጆቻቸውን እንዳያሳዝኑ ብለው ዝም ያሉበት ቤት ጥቂት አይደለም። ዝምታው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ልጅ የእናቱን ፊት ማንበብ ያውቃል፤ ያልተነገረውንም ነገር በገዛ አሳቡ ይሞላዋል። በአሳቡ የሚሞላውም ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ይከፋል።

እንግዲህ ከሽማግሌ ታሪክ ለመቀበል የሚወድ ሰው የሚከተለውን ቢጠብቅ ይጠቀማል። መጀመሪያ ፈቃድ ይጠይቅ፤ የሚጽፍም ወይም ድምፅ የሚቀርጽ እንደ ሆነ ለምን እንደሚያደርገው ይንገር። ሁለተኛ፥ «በጦርነቱ ጊዜ ነበሩ ወይስ አልነበሩም?» ብሎ እንደ መርማሪ ከመጠየቅ ይልቅ፥ «አያቴ፥ በልጅነትዎ ጊዜ የሚኖሩበት ቤት እንደ ምን ያለ ነበረ?» ብሎ ሰፊ በር ይክፈት። ሦስተኛ፥ ዓመቱ ቢሳሳትም በመካከል አያርም፤ እርማቱን ለብቻው በማስታወሻ ይያዝ። አራተኛ፥ ተናጋሪው ዝም ባሉ ጊዜ ዝምታውን ለመሙላት አይቸኵል፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚመጣው ከዝምታው በኋላ ነው። አምስተኛ፥ ያዩትን ከሰሙት ለይቶ ይጻፍ። በዚህ ነገር የአገራችን ሰዎች መልካም ምሳሌ ትተውልናል፤ ልዑል ራስ ዕምሩ ኃይለ ሥላሴ የጻፉት፥ ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ የታተመው መጽሐፋቸው «ካየሁት ከማስታውሰው» የሚል ስም አለው። በዚህ አጭር ስም ጸሐፊው የምስክርነታቸውን ወሰን ራሳቸው አስታውቀዋል።

ስድስተኛውና የመጨረሻው፥ ታሪኩ የተናጋሪው ገንዘብ መሆኑን አለመርሳት ነው። የተነገረ ምስጢር ሁሉ የሚታተም አይደለም። ሊናገሩት ያልወደዱትንም ሰው አስገድዶ ማናገር የዳነውን ቍስል እንደ መጓጐጥ ይቈጠራል። ለሕፃንም የሚነገረው በዕድሜው መጠን መሆን አለበት፤ ለሰባት ዓመት ልጅ የሚበቃው ታሪክ ለዐሥራ ሰባት ዓመት ጐልማሳ አይበቃም።

የባዝል በሽተኞች የፈለጉት ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ነበረ፤ የቻርልስተን አሮጊት የፈለጉት የማያስፈራ ሰሚ ነበረ፤ የኤሞሪ ሕፃናት ያገኙት የአያቶቻቸውን መውደቅና መነሣት ነበረ። ይህ ሁሉ ወርቅና ብር የሚጠይቅ አይደለም። ሽማግሌና አሮጊት ያሉበት ቤት መዝገቡ ገና አልተዘጋም፤ ነገር ግን ይህ መዝገብ ከባለቤቱ በኋላ አይከፈትምና፥ ለመጠየቅ ጊዜው ባለቤቱ በሕይወት ሳሉ ነው።