ከተጂ ወደ አዲስ አበባ

ሦስት ባልንጀሮች ከተጂ ተነሥተው ቅዳሜንና እሑድን በአዲስ አበባ ሊያሳልፉ ቢያስቡ፥ አስቀድመው ሊመክሩበት የሚገባው ስለ መመለሻው ነው። ሰኞ ጧት ቢሮውም ትምህርት ቤቱም «መኪና አጣሁ» ማለትን አይቀበልም።

ስለዚህ መዋጮው ባንድ ሰው እጅ ይሁን፤ የመመለሻው ሒሳብ ግን በየኪሱ ይቀመጥ። በተፍኪና በሰበታ አልፎ አየር ጤና የወረደ መንገደኛ፥ በታክሲ ጦር ኃይሎች ደርሶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የከተማ ባቡር መስቀል አደባባይ ይደርሳል።

ቅዳሜ በብሔራዊ ሙዚየም፥ በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችውን የድንቅነሽን አምሳል ማየት፤ እሑድ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ መጎብኘት ይበቃል። ሁሉን ልይ ያለ አንዱንም ሳያጠግብ ይመለሳል።

እሑድ በዘጠኝ ሰዓት መገናኛው አየር ጤና ነው። ባልንጀሮችን በመንገድ የሚያጣላቸው ገንዘብና ሰዓት ነውና፥ ሁለቱን ከቤት ሳይወጡ የተስማሙባቸው እንደ ወጡ ተፋቅረው ይገባሉ።