እውነት ወይስ ተረት? «ባዶ» የተባለው ቻናል

አክስቴ የሚኖሩት ቴክሳስ ውስጥ፣ ዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ነው። ልባቸው አስቸግሯቸው ሆስፒታል በተኙ ጊዜ አብሬያቸው አደርኩ። ደረታቸው ላይ አምስት ክብ ፕላስተሮች ተለጥፈዋል። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ቀጭን ገመድ ይወርዳል፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ቡናማ። አምስቱም የሲጋራ ፓኮ የምታህል ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ሳጥኗ ጋውናቸው ኪስ ውስጥ ናት፤ ከእሷ ወዲያ ገመድ የለም። የልባቸው ምት በአየር ላይ ተጉዞ ነርሶቹ የሚጠብቁት ስክሪን ላይ ይወጣል። ፈረንጆቹ ቴሌሜትሪ ይሉታል።

ዜና ልይ ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ቴሌቪዥን ስከፍት አክስቴ ደንገጥ ብለው «ልጄ፣ አጥፋው! ይኼ ነገር ልቤ ላይ ያለውን ያበላሸዋል» አሉኝ። ነርሷ መጥታ ምንም ችግር እንደሌለው ብትነግራቸውም ልባቸው አላረፈም። አጠፋሁት።

አክስቴ የተሳሳቱት ዕቃው ላይ ነው እንጂ ፍርሃታቸው ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ቴሌቪዥንና የልብ መከታተያ በአንድ አየር ላይ ተጋጭተው ያውቃሉ፤ ያውም እዚያው ዳላስ ውስጥ። ነገሩን ሰዎች በተለያየ መንገድ ሲያወሩት ስለምሰማ፣ ተረቱንና እውነቱን ለይቼ ላስቀምጠው።

ተረት፦ ክፍሉ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን የታካሚውን መሣሪያ ይረብሻል።

ቴሌቪዥን አድማጭ ነው። አየር ላይ ያለውን ሞገድ ይቀበላል እንጂ ሞገድ ለመርጨት አልተሠራም። ሞገዱን የሚረጨው ከከተማው ዳር ከፍ ብሎ የቆመው የጣቢያው ማማ ነው። የማማው ጉልበት በሺዎች በሚቆጠር ዋት ይለካል፤ አክስቴ ኪስ ውስጥ ያለችው ሳጥን ጉልበት ግን በዋት ሺህኛ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል ወይ?» ተብሎ አይደለም። «ማማውና ሳጥኗ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ናቸው ወይ?» ተብሎ ነው።

ተረት፦ ጣቢያ የሌለበት ቻናል ባዶ ነው፤ የፈለገ ይጠቀምበታል።

ችግሩ ሁሉ የተወለደው ከዚህ ተረት ነው። በአናሎግ ዘመን አሜሪካ ውስጥ በእያንዳንዱ ከተማ ጣቢያ ያልያዛቸው ብዙ ቻናሎች ነበሩ። ጎን ለጎን ያሉ ቻናሎች በአንድ ከተማ ቢሠሩ እርስ በርስ ስለሚረባበሹ፣ በመሃል ክፍት ቦታ መተው ግድ ነበር። የሕክምና መሣሪያ አምራቾች ይህን ክፍት ቦታ አይተው ገቡበት። ከቻናል 7 እስከ 13፣ በኋላም ከ14 እስከ 46 ባሉት ውስጥ የልብ መከታተያዎች ያለ ፈቃድ እንዲሠሩ ተፈቀደ። ሁለት ግዴታ ግን ነበረባቸው። አንደኛ፣ ማንንም እንዳይረብሹ። ሁለተኛ፣ የመጣባቸውን ረብሻ ችለው እንዲቀመጡ። በእኛ ቋንቋ ደባል ነበሩ ማለት ነው። ቤቱ የቴሌቪዥን ነው፤ ባለቤቱ እስኪመጣ ግን ሰላም ነው።

ባለቤቱ የመጣው ዲጂታል ቴሌቪዥን ሲጀመር ነው። ተመልካች በአንድ ሌሊት እንዳይቋረጥበት፣ እያንዳንዱ ጣቢያ ከአናሎግ ቻናሉ ጎን ለዲጂታሉ ሁለተኛ ቻናል ተሰጠው። ይህ ሁለተኛ ቻናል የተገኘው ባዶ ከተባሉት መካከል ነው። ዳላስ ውስጥ በቻናል 8 የሚያሰራጨው ደብልዩ ኤፍ ኤ ኤ ለዲጂታሉ ቻናል 9 ደረሰው። እ.ኤ.አ. በ1998 የካቲት መጨረሻ ላይ ጣቢያው የሙከራ ስርጭቱን ሲያበራ፣ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ውስጥ የልብ መከታተያዎች ከስክሪን ጠፉ። ሆስፒታሉም በዚያው ቻናል 9 ላይ ደባል ነበር። የተጎዳ ታካሚ አልነበረም፤ ጣቢያውም ነገሩን ሲሰማ ስርጭቱን አቆመ።

እኔን የሚቆጨኝ ከሁለቱ አንዱም ሕግ አለመጣሱ ነው። ጣቢያው ሙሉ ፈቃድ ነበረው። ሆስፒታሉም የተፈቀደ መሣሪያ ነው የገዛው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዱ የሌላውን መኖር አለማወቁ። ከዚያ ወዲህ ነው ጣቢያዎች አዲስ ስርጭት ከማብራታቸው በፊት በአካባቢው ላሉ ሆስፒታሎች እንዲነግሩ የተደረገው።

ተረት፦ ዲጂታል ጥራት ያለው ስለሆነ ከአናሎግ ያነሰ ይረብሻል።

የምስሉ ጥራትና የሞገዱ ጠባይ አይገናኙም። የአናሎግ ጣቢያ ጉልበቱ ያለው በጥቂት ቦታዎች ላይ ነው፦ ምስሉን በተሸከመው ሞገድ፣ በቀለሙና በድምፁ ላይ። በመካከላቸው ጭር ያለ ቦታ ይቀራል። በመስመር የተዘራ በቆሎ ማሳን ማሰብ ነው፤ በመስመሮቹ መሃል ሰው ቢሄድ ምንም አይረግጥም። ጠባቡ የልብ መከታተያ ምልክት አንዳንዴ በዚያ መሃል ሾልኮ ያልፍ ነበር። ዲጂታል ግን እንደ ጤፍ በብተና የተዘራ ነው። 6 ሜጋኸርዝ የሆነውን ቻናል ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሞላዋል፤ እግር ማሳረፊያ አይተውም። መከታተያው ተቀባይም የልብ ምት ሳይሆን ያልተቋረጠ ሹክሹክታ የሚመስል ጫጫታ ብቻ ይሰማል።

ተረት፦ ሞገዱ ከተቋረጠ የታካሚው ልብ ይቆማል።

አይቆምም። ሳጥኗ ወሬ ነጋሪ ናት፤ ልብን የምትመታ አይደለችም። አክስቴ በሁለተኛው ቀን ስልክ ለማውራት ኮሪደሩን ጨርሰው ሊፍቱ ጋ ደረሱ። ሞገዱን የሚለቅሙት አንቴናዎች ጣሪያው ላይ የተተከሉት እስከ ዋርዱ በር ድረስ ብቻ ነው። ስልኩን ሳይዘጉ ነርሷ እያለከለከች ደረሰችባቸው። ስክሪኑ ላይ ጠፍተውባት ነበር።

ያቺ ሩጫ ነገሩ ለምን እንደሚያሳስብ ትናገራለች። ቴሌሜትሪ የሚታሰርለት ሰው ልቡ ድንገት ዜማውን ሊስት ይችላል ተብሎ የተፈራለት ነው። አንድ ሰው ሲጠፋ ነርስ ትሮጣለች። የዋርዱ ሁሉ ስክሪን በአንዴ ሲጠፋ ግን ወደ ማን ትሩጥ?

ተረት፦ ቻናል 37 ለሆስፒታሎች ተብሎ የተተወ ነው።

ግማሹ እውነት ነው፤ ታሪኩም ደስ ይላል። ከ608 እስከ 614 ሜጋኸርዝ ያለው ቻናል 37 አሜሪካ ውስጥ ከቴሌቪዥን ተለይቶ የተተወው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ የተተወውም ለከዋክብት ተመራማሪዎች ነው። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዳንቪል አጠገብ ከሰማይ የሚመጣውን የራዲዮ ሞገድ የሚያዳምጥ ግዙፍ አንቴና ነበረው፤ የሚያዳምጠውም 610 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነበር። ቴሌቪዥን እዚያ ላይ ቢገባ የሩቁ ኮከብ ድምፅ ይዋጣል። ለአሥር ዓመት ተብሎ የተጀመረው ክልከላ በኋላ ቋሚ ሆነ።

ከዳላሱ ነገር በኋላ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ ለሆስፒታሎች አስተማማኝ ቦታ ሲፈልግ ዓይኑ እዚህ ላይ አረፈ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2000 ቻናል 37ን፣ 1400 ሜጋኸርዝ አካባቢ ካሉ ሁለት ቁራጮች ጋር፣ ለሕክምና ቴሌሜትሪ ሰጠ። ደባሉ ባለቤት ሆነ። ጎረቤቱም በደንብ የተመረጠ ነው፤ ከዋክብት የሚያዳምጥ ሰው ዝም ብሎ ያዳምጣል እንጂ አይጮህም። ሆስፒታሉም ሹክሹክታው ከግድግዳው ብዙም አይርቅም። እንደ ዌስት ቨርጂኒያው ግሪን ባንክ ባለ ትልቅ ማዳመጫ በ80 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለ ሆስፒታል ግን አስቀድሞ ተነጋግሮ መስማማት አለበት።

ተረት፦ ቦታው ከተሰጠ በኋላ ሆስፒታሉ የሚያሳስበው የለም።

መብቱ የሚሠራው ለተመዘገበ ነው። መሣሪያው የት ሕንፃ፣ በየትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደሚሠራ ሆስፒታሉ በማዕከላዊ መዝገብ ላይ ማስፈር አለበት፤ መዝገቡን የሚይዘው የጤና ተቋማት መሐንዲሶች ማኅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮሚሽኑ ያለ ፈቃድ የሚሠሩ የኢንተርኔት መሣሪያዎች ቻናል 37 ላይ እንዲገቡ ሲፈቅድ፣ ከሆስፒታል እንዲርቁ ያዘዘው ይህንኑ መዝገብ ተመርኩዞ ነው። ያልተመዘገበ ሆስፒታል በዚህ ሥርዓት ውስጥ የለም። ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የሚዘነጋው መከላከያ ይኸው አንድ ቅጽ መሙላት ነው።

ጎረቤቱም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2017 በተጠናቀቀው ታላቅ ጨረታ ከ614 ሜጋኸርዝ በላይ የነበሩት የቴሌቪዥን ቻናሎች ለሞባይል ኩባንያዎች ተሸጡ፤ ገቢው 19.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ከታች እስከ 608 ድረስ ቻናል 36 ላይ ቴሌቪዥን አለ፤ ከላይ ከ617 ጀምሮ የሞባይል ማማ ይጮኻል። በሆስፒታሉና በሞባይሉ መካከል የቀረው 3 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። እኔ ይህ አጥር ስስ ነው ባይ ነኝ። ማማው ድንበር ሳይጥስም፣ ጣሪያው ላይ ያሉት አንቴናዎችና ማጉያዎች ሰፊ ጆሮ ካላቸው የጎረቤቱን ጩኸት አብረው ያጎሉና ራሳቸው ይደነቁራሉ። መፍትሔው ከ608 እስከ 614 ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ አንቴናው ሥር መግጠም ነው።

ተረት፦ ሁሉንም ወደ ዋይፋይ መውሰድ ይቻላል፤ ነገሩ ያልቃል።

አንዳንድ ሆስፒታሎች ወስደውታል፤ ይሠራልም። ግን ዋይፋይም የጋራ ነው። እዚያም መሣሪያው ያለ ፈቃድ ስለሚሠራ የመጣበትን ረብሻ ችሎ የመቀመጥ ግዴታው አለበት። ደባልነቱ ቤት ቀየረ እንጂ አልቀረም።

ተረት፦ አሜሪካ የተፈቀደ መሣሪያ ኢትዮጵያም ይሠራል።

ይህን የምጽፈው ውጭ ሆነው ለአገር ቤት ሆስፒታሎች ያገለገሉ መሣሪያዎችን ሰብስበው ለሚልኩ ወገኖቼ ነው። የአሜሪካ የቴሌቪዥን ቻናል ስፋቱ 6 ሜጋኸርዝ ነው፤ ኢትዮጵያ ባለችበት የዓለም ክፍል በዚህ ባንድ 8 ሜጋኸርዝ ነው። የአሜሪካው ቻናል 37 በዚህኛው አቆጣጠር ከ606 እስከ 614 ባለው ቻናል 38 ውስጥ ይወድቃል። አሜሪካ ላይ ለሆስፒታል የተጠበቀው ቦታ ድንበር ተሻግሮ አይጠበቅም፤ እዚያ ባለቤት የነበረ ዕቃ እዚህ ደባል ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ስፔክትረምን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ስለዚህ ካርቶኑ ከመታሸጉ በፊት መሣሪያው ይገልበጥ። ጀርባው ላይ ወይም መመሪያው ውስጥ የሚሠራበት ፍሪኩዌንሲ በሜጋኸርዝ ተጽፏል። በስልክ ፎቶ አንስቶ ለሚቀበለው ሆስፒታል ባዮሜዲካል ባለሙያ መላክ፣ እሱም ከባለሥልጣኑ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ሳጥኑ፣ ተቀባዩና የጣሪያው አንቴና አብረው መሄድ አለባቸው፤ ሳጥኗ ብቻዋን ብትላክ የምትናገረውን የሚሰማ የለም።